ለልጄ፦ በጥቅምት ለራስሽም ጋግሪ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ቀለል ብሎለታል፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ደርቦ እስከ በሬሳ ወንዝ ወርዶ ይመለሳል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው እሑድ በስልክ የተናገርሽው ነገር ነው። «እማዬ፣ አሁን እኮ ምንም በዓል የለም፤ ደግሞስ ለማን ብዬ ነው የምጋግረው?» አልሽኝ። ወሬው ወዲያው ወደ ሥራሽና ወደ ቤት ኪራይሽ ዞረ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቃልሽ ከውስጤ አልወጣ አለ። ሰው ብቻውን ሲኖር ትኩስ ዳቦ አይገባውም ያለው ማን ነው? ስለዚህ በወጉ ልመልስልሽ ብዬ ተቀመጥሁ።

ምንም በዓል የለም ማለትሽ እውነት ነው። ከመስቀል እስከ ገና ድረስ በግ የሚታረድበት፣ ቄጤማ የሚጎዘጎዝበት ትልቅ በዓል የለም። እኔ ግን ከዓመቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ጊዜ ነው። መስከረም 25 ክረምቱ ያልቅና በማግስቱ መጸው ይገባል፤ እስከ ታኅሣሥ 25 ድረስም ይቆያል። ዝናቡ ቆሟል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጠርቷል። ሌሊቱን ታውቂዋለሽ፣ አጥንት ይሰብራል፤ ማለዳ ስንነሣ የጓሮው ሣር ውርጭ ለብሶ እናገኘዋለን። ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ፀሐይዋ በረንዳውን ትሞላዋለች። ያን ጊዜ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ቡና መጠጣት ነው። ከከተማው ወጣ ሲባል ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ስንዴው እየተከተለው ነው። በክረምት አልደርቅ ብሎ ያስቸገረው ኩበት አሁን በየደጁ ተሰጥቷል። እሸት ባቄላ የያዙ ልጆች መንገድ ዳር ቆመው እቅፍ እቅፉን ይሸጣሉ።

ትናንት አባትሽ አንድ እቅፍ ይዞ መጣና ሁለታችን በረንዳው ላይ ተቀምጠን ፈለፈልነው። ግማሹን ጥሬውን በላን፤ የቀረውን በጨው ቀቀልሁት። ከገጠር የመጡ ዘመዶቻችን ደግሞ እንኩቶ አምጥተውልናል። ጠንከር ማለት የጀመረውን የገብስ እሸት ከነዛላው በነበልባል ለብልበው፣ በእጅ አሽተው፣ ገለባውን እፍ ብለው ነው ያመጡት። ይህን በጥር ብትፈልጊው አታገኚውም። ገብሱ ደርቆ ቆሎ ይሆናል፤ ቆሎም መልካም ነው፤ ያ ወተት ወተት የሚለው ጣዕም ግን ከዓመት በፊት አይመለስም። ቀኑ በካላንደር ላይ በቀይ ስላልተጻፈ ብቻ ይህ ሁሉ ሳንቀምሰው እንዲያልፍ አልፈልግም።

እኔ ዳቦዬን የምጋግረው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ማታ አቡክቼ ዕቃውን በመንዝ ባና ጠቅልዬ አሳድረዋለሁ። ጽጌን ስለምጾም ወተትም ቅቤም አይገባበትም፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ፣ ይኸው ነው። ኮባ የሚሸጡት ሴቶች በበዓል ሰሞን የሚጠሩትን ዋጋ አሁን አይጠሩም፤ የሚሻማ ሰው ስለሌለ ሰፋፊውን ቅጠል መርጬ እገዛለሁ። ቅጠሉን በእሳት ለብለብ አድርጌ ምጣዱ ላይ እዘረጋና ሊጡን ገልብጬ፣ በላዩም ሌላ ቅጠል አልብሼ እከድነዋለሁ። ከታች ለስለስ ያለ የኩበት እሳት፣ ከላይ ክዳኑ ላይ ፍም። የኤሌክትሪክ ምድጃ እያለልሽ ለምን ትደክሚያለሽ ትይኝ ነበር። የድካሙ ዋጋ ሽታው ነው፣ ልጄ። ኮባው ሲሞቅ የሚወጣው ሽታ ከአዝሙዱ ጋር ተቀላቅሎ አጥሩን ሲያልፍ ጎረቤቶቻችን «ዛሬ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁኛል። «ምንም የለም፤ ጥቅምት ነው» እላቸዋለሁ።

ከምጣዱ ሲወጣ ወዲያው አልቆርሰውም። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አሳርፈዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ቅርፊቱ ይለዝባል፣ ውስጡም ይረጋል። ከዚያ ከአዲሱ ማር ጋር ይቀርባል። አደይ አበባውና የመስኩ አበባ ሁሉ ካበበ በኋላ በደጋው ማር የሚቆረጠው በዚህ ሰሞን ነውና፣ ገና ከሰፈፉ ያልተለየውን ማር ከነሰፈፉ እየቆረስን ትኩሱ ዳቦ ላይ እናደርገዋለን። አባትሽ ሻዩን በቀረፋና በቅርንፉድ ያፈላል፤ ይህ የእሱ ሥራ ነው፣ ለማንም አይሰጥም።

ስቶክሆልምም የራሷ መጸው እንዳላት ከአንቺ ሰምቻለሁ። ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኖ እንደሚረግፍ፣ ሰዎች ከጓሯቸው የተረፋቸውን ፖም በሳጥን ሞልተው የፈለገ ይውሰድ ብለው አጥር ሥር እንደሚያስቀምጡ ነግረሽኛል። ፖሙን በነጻ የሚሰጥ አገር እግዚአብሔር ይባርከው፤ ስታልፊ አንሺ፣ አትፈሪ። እኔን የሚያሳስበኝ ጨለማው ነው። በኦክቶበር መጨረሻ ሰዓቱ ሲቀየር ማታው በአንድ ጊዜ ይቀርባል፤ በኖቬምበር መጨረሻ ደግሞ ፀሐይዋ እንደ እኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። በዚያ ጨለማ ከሥራ ተመልሶ ወደ ቀዘቀዘ ወጥ ቤት መግባት ምን እንደሚመስል አስበዋለሁ። ስለዚህ ነው የምጨቀጭቅሽ።

የምትኖሪበት አገር ሰዎችም የሚነግሩሽ ይህንኑ ነው። ስዊድኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ ኦክቶበር 4ን የቀረፋ ዳቦ ቀን ብለው ያከብራሉ። ሥራ የሚዘጋበት በዓል አይደለም፤ ብርዱ ሲጀምር ምድጃ ይሙቅ፣ ቀረፋ ይሽተት፣ ቡና ይፈላ ነው ነገሩ። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። በሊጡ ውስጥም ሄል እንደሚጨምሩ ስትነግሪኝ ይበልጥ ደስ አለኝ፤ የእኛው ኮረሪማ የሄል ዘመድ ነውና፤ ሁለቱም የዝንጅብል ወገን ናቸው። ከከፋና ከጅማ ጫካ የመጣውን ኮረሪማ በእነሱ አሠራር ላይ ብትሞክሪው ሄሉን አያስናፍቅሽም። ፍሬውን ከልባሱ ፈልፍለሽ፣ በደረቅ መጥበሻ ሞቅ አድርገሽ ውቀጪው። አስቀድመሽ ወቅጠሽ አታስቀምጪ፤ ሽታው ያመልጥሻል።

አሁን ስለ ዳቦሽ ልንገርሽ። በዚህ ሰሞን ገበያችሁ ዱባ በዱባ እንደሚሆን ፎቶ ልከሽልኝ አይቻለሁ። እኔም ጥቅምት ላይ በዱባ የምጋግርበት ጊዜ አለ፤ ለአንድ ሰው ከዚህ የተሻለ ዳቦ አላውቅም፤ በሦስተኛውም ቀን አይደርቅብሽም። ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ያዢ። ዱባውን ልጠሽ፣ ቀቅለሽ፣ ውሃውን በደንብ አጥልለሽ ፍጪውና ከእሱ ሩብ ኪሎ ያህል ዱቄቱ ውስጥ ጨምሪ። ከትኩሱ እርሾ በ50 ግራም ከሚሸጠው ሩቡ ይበቃሻል፤ በአንድ ሌሊት ቀስ ብሎ ይነሣል። ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ፣ ጥቁር አዝሙድ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ነጭ አዝሙድ የዚያን ግማሽ፣ ዘይት ሦስት የሾርባ ማንኪያ። ውሃውን ለብ አድርገሽ ጥቂት በጥቂት አፍስሺበት፤ ዱባው ራሱ ውሃ ስላለው አንድ ብርጭቆ ሙሉ አይፈልግም። ሊጡ እጅሽ ላይ ትንሽ የሚጣበቅ ቢሆን ዱቄት እየጨመርሽ አታድርቂው፤ እጅሽን ዘይት ቀብተሽ እሺው።

የሳይንስ መምህርት ነበርሁና ይህንንም ሳልነግርሽ አላልፍም። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ በቀላሉ ይነፋል፤ ደረቅ ስለሆነም ዱቄቱ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃችን እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 91 ገደማ ላይ ይፈላል። ስቶክሆልም ግን በባሕር ጠረፍ ላይ ናት። ስለዚህ የእኔን የውሃ ልክ እንዳለ አትውሰጂ፣ ሊጡም ከእኔ ዘግይቶ ቢነሣ አትጨነቂ። ቤቱ ከቀዘቀዘ እርሾው ይዘገያል እንጂ አይሞትም፤ እንዲያውም በዝግታ የተነሣ ሊጥ ጣዕሙ ይበልጣል። ኮባ ባታገኚ የእስያ ሸቀጥ በሚሸጡ መደብሮች የበረደ የሙዝ ቅጠል አለ፤ እሱም ከጠፋ የመጋገሪያ ወረቀት ይበቃል። ኦቨኑን 200 ዲግሪ አሙቂ፤ ሊጡን ካስገባሽ በኋላ ወደ 180 አውርጂና ከሦስት ሩብ ሰዓት በኋላ ግርጌውን በጣትሽ መታ መታ አድርጊው። ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል።

ለማን ብዬ ላልሽውም መልስ አለኝ። አያትሽን በደንብ አታስታውሻትም። ልጆቿ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ከሄዱባት በኋላ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ሆኖም እሸት በደረሰ ቁጥር ከሁለት መዳፍ የማይበልጥ ዳቦ ትጋግር ነበር። ነጭ ጨርቅ ታነጥፍለታለች፤ የቤቱ ሽማግሌ እንደሚያደርገው ቆማ ትባርከዋለች፤ ራሷ ትቆርሰዋለች። እኛ ቤት ዳቦ የሚቆርሰው አባትሽ ነው፤ በየቤቱም እንዲሁ ነው። እሷ ግን ቆራሽ የለም ብላ ዳቦዋን አልተወችም። የድርሻዋን በማር በልታ የቀረውን ከብት ለሚጠብቁ ልጆች ትልክላቸው ነበር። አንቺም ልክ እንደዚያ አድርጊ። ጠረጴዛሽን ጥረጊ፣ የምትወጂውን ሳህን አውጪ፣ ባርኪና ቁረሺ። ቆመሽ፣ ስልክሽን እያየሽ አትብዪ። የተረፈውን በጨርቅ ጠቅልለሽ ፎቅሽ ላይ ላሉት አዛውንት ሴትዮ ውሰጂላቸው፤ የአገሩ ሰው ዝምተኛ ነው ብለሽኛል፤ ትኩስ ዳቦ ይዞ በር ላይ የቆመን ሰው ግን ማንም ዝም ብሎ አይመልሰውም።

ከዳቦውም ሌላ ጥቂት ነገር አለ። ቅዳሜ ጠዋት ብርሃኑ ሳያልፍ ውጪና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በእግርሽ ሂጂ። ያቺን ከዚህ የወሰድሻትን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሻንጣ ውስጥ አታስቀምጫት፤ ወንበርሽ ላይ አድርጊያትና ማታ ስታነብቢ ጉልበትሽን ሸፍኚባት። እነሱ በጨለማው ወራት በየመስኮቱ ሻማ እንደሚያበሩ ነግረሽኛል፤ አንቺም አብሪ። ኅዳር 12 እኛ በ1911 የገባውን የኅዳር በሽታ እያስታወስን ቆሻሻ ሰብስበን እናጥናለን። አንቺ ግን ቤትሽን ጥረጊና አንዲት ፍሬ ዕጣን አጭሺ፤ መስኮቱን ከፈት አድርጊ፤ ያ የጭስ ማስጠንቀቂያችሁ ሰፈሩን እንዳይቀሰቅስ።

ወደዚያ የሚመለስ ሰው ተገኝቷልና ኮረሪማ ከነልባሱ፣ ሁለቱን አዝሙድ፣ የገብስ ቆሎና ትንሽ ማር ልኬልሻለሁ። ማሩን ከሻንጣ ሲያወጡት ቀጥ አድርገው እንዲይዙት ንገሪያቸው። ስትጋግሪ ግርጌው ካረረብሽ መደርደሪያውን አንድ እርከን ከፍ አድርጊ፤ ውስጡ ከረጠበብሽ ደግሞ ዱባውን በደንብ አላጠለልሽውም ማለት ነው፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ጻፊልኝና እነግርሻለሁ። ለአባትሽም ፎቶ ላኪለት፤ የተቆረሰውን ጎን ነው ማየት የሚወደው።

የምትወድሽ እናትሽ