ያለ አንዱ ወላጅ ፈቃድ ወደ አገር ቤት የመጡ ልጆችና ፍርድ ቤቶቻችን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

ያለ አንደኛው ወላጅ ፈቃድ ከውጭ ወደ አዲስ አበባ ስለመጡ ልጆች በቅርቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ የአባትንና የእናትን ጠብ በሰፊው ተርኮ፣ ጉዳዩ በምን ሕግ እንደሚዳኝ ሳያነሳ አልፏል። የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ እንደመሆኔ በዚህ ላይ ጥቂት ልበል።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የሄግ ስምምነት፣ ዕድሜው 16 ዓመት ያልሞላ ልጅ የሌላውን ወላጅ የማሳደግ መብት በመጣስ ከመደበኛ መኖሪያው ሲወሰድ ወይም ለዕረፍት ተብሎ ከሄደበት ሲቀር፣ የሚገኝበት አገር ፍርድ ቤት ወደ ነበረበት አገር በፍጥነት እንዲመልሰው ያዛል። ማን ይሻላል የሚለው ክርክር ልጁ ለኖረበት አገር ችሎት የተተወ ነው። ጥያቄው በቀረበ በ6 ሳምንት ውስጥ ካልተወሰነ አመልካቹ የመዘግየቱን ምክንያት ለመጠየቅ መብት አለው፤ ከ1 ዓመት በኋላ ከቀረበና ልጁ አዲሱን ኑሮ ከለመደ ግን ዳኛው የመመለስ ግዴታ የለበትም።

ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል አይደለችም። በመሆኑም ለምሳሌ ከአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት ፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ የመጣ ወላጅ የሚጠብቀው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 458 ነው፤ ይኸውም የውጭ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም በዚያ አገርም የኢትዮጵያ ፍርድ መፈጸሙ መታየት አለበት የሚለው ነው። ውሳኔው በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ተደርጎበት፣ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ መዝገብ እስኪከፈት ድረስ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ከአክስቶቹ ልጆች ጋር አማርኛውን አቀላጥፎ ይገኛል። (ኤምባሲው ልጁን ተረክቦ ይሰጠኛል ብለው የሚመጡ ወላጆች አጋጥመውኛል፤ ኤምባሲ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም።)

የሚገርመኝ የእኛና የአሜሪካ አሠራር አለመመጣጠን ነው። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የተቀበሉት የልጅ አሳዳጊነት ሥልጣን ሕግ የውጭ አገርን ፍርድ ቤት እንደ ሌላ ግዛት ፍርድ ቤት ይቆጥራል፤ ያ አገር በዳኝነት ሥልጣኑ ላይ ተመጣጣኝ መመዘኛ ከተከተለና ሕጉ መሠረታዊ ሰብዓዊ መብትን ካልጣሰ፣ ውሳኔው እንዲፈጸም ያዛል። በእኔ እምነት ይህ የአሜሪካ ሕግ፣ አንቀጽ 458 የሚጠይቀውን አጸፋዊነት፣ ማለትም ያ አገርም የእኛን ፍርድ እንደሚፈጽም፣ ለማስረዳት ጠቃሚ ማስረጃ ነው፤ ጠበቆች ግን ይህን ትተን በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113 መሠረት የገቢና የአኗኗር ክርክር እንደ አዲስ እንጀምራለን። ውጤቱም ልጁን ይዞ የመጣው ወላጅ በቆየ ቁጥር እየጠነከረ መሄዱ ነው።

መመለስ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለቴ ግን አይደለም። ልጆቻቸውን ይዘው ከሚሸሹት መካከል ከድብደባ ያመለጡ እናቶች አሉ። ስምምነቱም መመለሱ ልጁን ለከባድ የአካል ወይም የሥነ ልቦና ጉዳት የሚያጋልጠው ከሆነ ዳኛው እንዳይመልስ ይፈቅዳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ከባድ አደጋ መኖሩ ከተረጋገጠ ዳኛው ልጁን ላለመመለስ ከመወሰኑ በፊት አደጋውን ሊቀንሱ የሚችሉ እርምጃዎችን ሁሉ የመመርመር ግዴታ የለበትም ብሏል። የእኛው ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 23632 ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ የልጁ ጥቅም እንዲቀድም ወስኗል፤ እንዲህ ያለች እናት የምትጠለልበት መሠረት እኛም ዘንድ አለ ማለት ነው።

አገራችን ነገ ብትቀላቀል እንኳ ስምምነቱ የሚሠራው መቀላቀሏን ከሚቀበሉ አባል አገሮች ጋር ብቻ ስለሆነ ጊዜ መውሰዱ አይቀርም። እስከዚያው ሰበር ሰሚ ችሎቱ አንቀጽ 458 ለልጅ አሳዳጊነት ውሳኔዎች እንዴት እንደሚሠራ ቢተረጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ዘጋቢያችሁ ወደዚህ ጉዳይ ሲመለስ፣ ስምምነቱን የመቀላቀል ነገር የት እንደደረሰ ፍትሕ ሚኒስቴርን እንዲጠይቅልን በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ