የሙዚቃ ክበብ ዘገባ፦ ለየትኛው ቅኝት፣ ለየትኛው እጅ፣ የትኛው የጊታር ክር?

የሙዚቃ ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወትሮው በሰንደቅ ዓላማ ቀንና በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥቷል፤ የዝግጅቶቹ ዝርዝር በክበቡ መዝገብ ላይ ስለሚገኝ እዚህ መድገም አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ይህ ዘገባ የሚያተኩረው ከልምምድ ሰዓታችን ከፍተኛውን ድርሻ በወሰደው ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ለኤሌክትሪክ ጊታር የሚስማማውን የክር ውፍረት እንደ ቅኝቱና እንደ አጨዋወቱ መምረጥ ነው። ጉዳዩ ለአንዳንድ አንባቢ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም የክበቡ ድምፅ በመስከረም ከነበረበት በሰኔ ተሻሽሎ የተገኘው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ክበቡ ቀድሞ የነበሩት መሣሪያዎች መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ሲሆኑ በዓመቱ መጀመሪያ ሁለት ኤሌክትሪክ ጊታሮች ተጨምረዋል። አንደኛው ትምህርት ቤቱ የገዛው፣ የስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው ጊታር ሲሆን ድምፅ የሚሰጠው የክሩ ርዝመት፣ ማለትም ከአንገቱ ጫፍ እስከ ብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ እስከሚያርፉበት ቁራጭ) ያለው ርቀት፣ 648 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ያበረከተልን፣ የሌስ ፖል ቅርጽ ያለው ጊታር ሲሆን ርዝመቱ 628 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ወደ እኛ ሲመጡ የተገጠመላቸው ባለ 9 የሚባለው ክር ነበር።

የጊታር ክር ውፍረት የሚለካው በኢንች ሺኛ ሲሆን፣ ስብስቡ የሚጠራው ከሁሉም በቀጠነው በአንደኛው ክር ነው። ባለ 9 ስብስብ ብዙውን ጊዜ ከ0.009 እስከ 0.042 ኢንች፣ ባለ 10 ከ0.010 እስከ 0.046፣ ባለ 11 ደግሞ ከ0.011 እስከ 0.048 ወይም 0.049 ይደርሳል። የባለ 9 አንደኛ ክር ወደ ሚሊ ሜትር ሲቀየር 0.23፣ የባለ 11 ደግሞ 0.28 ገደማ ነው። ዓይን በቀላሉ የማይለየውን ይህን ልዩነት ጣት ወዲያው ያውቀዋል፤ ምክንያቱም በ648 ሚሊ ሜትር ጊታር ላይ፣ በተለመደው ቅኝት፣ የ0.009 ክር ወደ 6 ኪሎ ግራም፣ የ0.010 ወደ 7.4፣ የ0.011 ደግሞ ወደ 8.9 ኪሎ ግራም ውጥረት ይሸከማል። ስድስቱ ክሮች ሲደመሩ ባለ 9 ስብስብ አንገቱን ወደ 39፣ ባለ 10 ወደ 47 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ይጎትቱታል።

ጥያቄው በተግባር የተነሣው በኅዳር ወር፣ ለአንድ የአምባሰል ዜማ ስንዘጋጅ ነው። ዘፋኟ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ድምጿ ወፈር ያለና ወደ ታች የሚያደላ ነው፤ ዜማውን በተለመደው ከፍታ ስትሞክረው ጉሮሮዋን ታስጨንቅ ነበርና ሁሉም መሣሪያ በአንድ ሙሉ ቶን፣ ማለትም በጊታር አንገት ላይ ሁለት ፍሬት በሚያህል የድምፅ ርቀት፣ ዝቅ እንዲል ተወሰነ። መሰንቆ የሚጫወተው የ9ኛ ክፍል ተማሪ መቃኛውን ጥቂት አላልቶ፣ ዘፋኟን አንድ ስንኝ አስብሎ፣ ሥራውን ጨረሰ። ጊታሮቹ ግን እንዲህ በቀላሉ አልታዘዙም። ጣትን በአንገቱ ላይ በማዘዋወር ብቻ ዜማውን ዝቅ ማድረግ እንዳይቻል የዜማው መነሻ ድምፅ ከስድስተኛው ክር ክፍት ድምፅ በታች ወርዷል፤ እኛም የፈለግነው ያ ወፍራም ክር ክፍቱን ሆኖ፣ ከመሰንቆው ሥር ሳያቋርጥ እንዲያስተጋባ ነበር። ስለዚህ ስድስቱም ክሮች ላሉ። በላላው ባለ 9 ክር ላይ ተማሪው ጠንከር አድርጎ ሲመታ ክሩ ፍሬቶቹን፣ ማለትም በአንገቱ ላይ አግድም የተተከሉትን ብረቶች፣ እየነካ ይንዘረዘራል፤ ድምፁም በምቱ መጀመሪያ ከልኩ ከፍ ይልና ቆይቶ ወደ ቦታው ይወርዳል፤ ጣት ትንሽ ጠበቅ አድርጎ ከተጫነውም ከቅኝቱ ይወጣል። አምባሰልን ለመሰለ፣ ግማሽ ቶኖቹ ጠርተው መሰማት ለሚገባቸው ቅኝት፣ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የፊዚክስ ክፍል ባልደረባችን አንድ የልምምድ ሰዓት ለገሱን። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን በ1636 ባሳተመው ሥራ እንዳስቀመጠው የክር ድምፅ ከፍታ የሚወሰነው በሦስት ነገሮች፣ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ ነው። ርዝመቱና ክብደቱ ሳይቀየሩ ድምፁ ብቻ ዝቅ ሲል፣ ውጥረቱ የሚቀንሰው በድምፁ ለውጥ ካሬ ልክ ነው፤ በግማሽ ቶን ሲወርድ 11 በመቶ፣ በሙሉ ቶን ሲወርድ 21 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው ሰሌዳው ላይ እንዳሰሉት ባለ 6 ኪሎው የ0.009 ክር በሙሉ ቶን ሲላላ ወደ 4.7 ኪሎ ይወርዳል፤ የ0.011 ክር ግን በዚያው ቅኝት 7.1 ኪሎ ያህል ስለሚይዝ፣ ባለ 10 ክር በተለመደው ቅኝት ከሚሰጠው ስሜት እምብዛም አይርቅም። በርዝመቱም በኩል ስሌቱ ያው ነው፤ አጭሩ ጊታራችን ከረጅሙ ጋር አንድ ዓይነት ክር ቢታሰርለት ውጥረቱ በ6 በመቶ ያህል ያንሳል። ይህን ካወቅን በኋላ ሙሉ ቶን ዝቅ ለሚለው ለረጅሙ ጊታር ባለ 11፣ በተለመደው ቅኝት ለሚቆየው ለአጭሩ ደግሞ ባለ 10 እንዲገዛ ጠየቅን። ክሮቹ በፈለግነው ውፍረት ደሴ ላይ ስላልተገኙ ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ድረስ የአምባሰሉ ልምምድ በመሰንቆና በክራር ብቻ ቀጠለ፤ ለዜማው ጉዳት አልነበረውም።

ክሩን መቀየር ማለት አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ማሰር ብቻ እንዳልሆነ የክበቡ አባላት በደንብ ያዩት በዚህ ጊዜ ነው። አንገቱ ያን ያህል አላስቸገረም፤ ባለ 11 ስብስብ በተለመደው ቅኝት ወደ 53 ኪሎ የሚጎትት ቢሆንም ሙሉ ቶን ዝቅ ሲል ወደ 42 ስለሚወርድ፣ በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ በቁልፍ በጣም በጥቂቱ ማጥበቅ፣ ብሪጁን ከጀርባ የሚስቡትን ስፕሪንጎችም እንዲሁ ማጥበቅ በቃው። ያስቸገረው በአንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበት ባለ ስንጥቅ ቁራጭ ነው። ስንጥቆቹ ለቀጭን ክር የተበጁ ስለነበሩ ሦስተኛው ክር ሲቃኝ አይንሸራተትም፤ መቃኛው ይዞራል፣ ድምፁ ግን ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ ክሩ በድንገት «ጢቅ» ብሎ ያመልጥና ከሚፈለገው በላይ ከፍ ይላል። የእንጨት ሥራ መምህራችን ስንጥቁን በቀጭን ሞረድ ጥቂት ካሰፉት በኋላ ተማሪዎቹ የእርሳስ ጫፍ እያሹ ጥቁሩን ዱቄት ውስጡ አደረጉበት፤ ክሩም ያለ ድምፅ መንሸራተት ጀመረ። በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ የሚወጣው ድምፅ ከክፍቱ ክር ልክ አንድ ኦክታቭ ከፍ እንዲል፣ በብሪጁ ላይ ያሉት የክር መቀመጫዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተገፉ።

ወፍራም ክር ለሁሉም ዜማ ይበጃል ማለት ግን አይደለም፤ በክበባችን ውስጥ ረጅሙ ክርክር የተነሣውም በዚህ ላይ ነው። አምባሰልና ባቲ፣ ሁለቱም የእኛው የወሎ ስሞች ቢሆኑም፣ ለጊታር ተጫዋች እጅ የሚያቀርቡት ሥራ የተለያየ ነው። በአምባሰል ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ድምፅ ግማሽ ቶን ሲሆን፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ግን ሁለት ሙሉ ቶን የሚያህል ዝላይ አለ። ግማሹን ቶን ክሩን በጣት ወደ ጎን ገፍቶ ማውጣት በባለ 11 ላይም ቀላል ነው፤ ሁለቱን ሙሉ ቶን ደግሞ በቀጭን ክርም ቢሆን ገፍቶ የሚያወጣው ተማሪ የለንም፤ ጣቱን በክሩ ላይ አንሸራትቶ ይሄድበታል እንጂ። ስለዚህ አምባሰል በወፍራም ክር ላይ ምንም አይጎድልበትም። በተለምዶ በምንጫወተው ባቲ ግን ርቀቶቹ ወይ አንድ ሙሉ ቶን ወይ አንድ ተኩል ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ጊታር ተጫዋቾች መሰንቆን ለመምሰል ክሩን እየገፉ የሚያወጧቸው፣ የዜማው ለዛ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። አንድ ተኩል ቶን በባለ 11 ላይ በተለመደው ቅኝት ገፍቶ ማውጣት ላልጠነከረ የልጅ ጣት ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ድምፁ ከመድረሻው ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ የባቲ አድማጭ ይህን ሳያስተውል አያልፍም። በዚህ ምክንያት የባቲና የትዝታ ዜማዎች በአጭሩ ጊታር፣ በባለ 10 ክር እንዲቀርቡ ተስማማን። አዲስ ጀማሪዎች ሲለማመዱበት ወደ ባለ 9 እንመልሰዋለን፤ እኔ በበኩሌ ይህን እደግፋለሁ፤ ጣቱ የቆሰለ ጀማሪ በሳምንቱ ስለማይመለስ።

አንዳንድ ተማሪዎች ወፍራም ክር የጉብዝና ምልክት ነው ብለው ያምኑ ነበር። «ቲቸር፣ ትልልቆቹ እኮ 13 ነው የሚያስሩት» የሚለው አባባል በክበቡ ውስጥ ደጋግሞ ይሰማ ነበር። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ አሜሪካዊው የብሉዝ ተጫዋች ስቲቪ ሬይ ቮን በ0.013 በሚጀምር ስብስብ በመጫወቱ ይታወቃል። ያልተነገራቸው ግን ጊታሩን በግማሽ ቶን ዝቅ አድርጎ ይቃኝ እንደነበረ ነው። በሌላ በኩል እንደ እሱ የቴክሳስ ተወላጅ የሆነውና በዚያው የብሉዝ መስመር የሚጫወተው ቢሊ ጊበንስ በ0.007 ክር ይጫወታል፤ ውጥረቱ ከ4 ኪሎ በታች ነው፤ ድምፁን ቀጭን ነው ብሎ የሚያማው ግን የለም። ተማሪዎቹን ይበልጥ የነካቸው የቶኒ አዮሚ ታሪክ ነው። ይህ እንግሊዛዊ ጊታር ተጫዋች በወጣትነቱ በፋብሪካ አደጋ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ካጣ በኋላ ቀጫጭን ክሮች ለማግኘት የባንጆ ክር እስከ መጠቀም ደርሷል፤ ኋላም ቅኝቱን እያላላ ተጫውቷል፤ ከዚህ ሁሉ የወጣው ድምፅ ግን ከባድ ከሚባሉት የሮክ ድምፆች አንዱ ሆነ። የድምፅ ክብደት ከክሩ ውፍረት ብቻ እንደማይመጣ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ሮክ የሚወዱት የ12ኛ ክፍል ልጆች ስድስተኛውን ክር ብቻ በሙሉ ቶን ዝቅ አድርገው መጫወት ይፈልጋሉ። ለእነሱ የሚሻለው ሙሉ ስብስቡን ማወፈር ሳይሆን የተደባለቀ ስብስብ ነው፤ ለምሳሌ ከላይ 0.009 ሆኖ ከታች 0.046፣ ወይም ከላይ 0.010 ሆኖ ከታች 0.052 የሚደርሰው፤ ቀጫጭኖቹ ለመግፋት ይለሰልሳሉ፣ የላላው ወፍራም ክርም ጠንካራውን ምት ይችላል። ከባለ 12 ጀምሮ ያሉትን ብዙ ስብስቦች በተመለከተ፣ ሦስተኛው ክራቸው በቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ ስለሆነ አልሞከርናቸውም፤ ለጃዝ ኮርድ ያማሩ ናቸው፤ ክር እየገፋ ለሚጫወት እጅ ግን አይመቹም።

የክራር ተጫዋቾቻችን የናይለን ክር በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ማሰር ይቻል እንደሆነ ጠይቀው ነበር። ይታሰራል፤ ነገር ግን የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፒክአፕ በማግኔት የሚሠራ በመሆኑ የሚሰማው የብረት ክር ሲርገበገብ ብቻ ነው፤ ከናይለኑ በአምፕሊፋየር በኩል ምንም ድምፅ አይወጣም። አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። በደሴ የጠዋት ብርድ የተቃኘ ጊታር ኮምቦልቻ ወርዶ ሙቀት ሲያገኝ ክሮቹ ስለሚለጠጡ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር በነበረን የጋራ ዝግጅት ጊታሮቹ ከቦርሳ ወጥተው አየሩን እንዲለምዱ ከተደረገ በኋላ ነው የተቃኙት። ከልምምድ በኋላ ክሩን በደረቅ ጨርቅ ማበስም ከዚያ ወዲህ ግዴታ ሆኗል፤ ላብ ብረቱን ያዝገዋልና።

በወላጆች ቀን የአምባሰሉ ዜማ በረጅሙ ጊታር፣ ባቲው በአጭሩ ታጅቦ ቀርቧል። ጊታሩን በሁለቱ ዜማዎች መካከል እንደገና መቃኘት ባለማስፈለጉ ፕሮግራሙ ሳይጓተት ተጠናቋል።

ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ክበቡ ያቀረበው ጥያቄ ጥቂት ነው። ሙሉ ስብስብ በብዛት ከመግዛት ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚበጠሱት የ0.009፣ የ0.010 እና የ0.011 ነጠላ ክሮች እንዲገዙ፣ ለሮክ ቡድኑ አንድ የ0.052 ክር እንዲጨመር፣ ለሁለቱም ጊታሮች የሚሆን የአንገት ዘንግ ቁልፍም በክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ ለርዕሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክተናል። ዘፋኟ የ12ኛ ክፍል ትምህርቷን እዚሁ ስለምትከታተል ረጅሙ ጊታር ክረምቱን ባለ 11 ክሩ እንደታሰረበት፣ በሙሉ ቶን ዝቅ ብሎ በተቃኘበት ሁኔታ ይቆያል፤ አጭሩ ግን መስከረም ላይ አዲስ የሚመዘገቡትን ተማሪዎች እጅ ካየን በኋላ ባለ 9 ወይም ባለ 10 ይታሰርለታል።