የሚስጥር ቁጥሬን ለማን ልንገር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሁድ ስለ አገራችን የዲጂታል ሕጎች ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ በስልኬ አደመጥኩት። ዓይነ ስውር ነኝ፤ ጽሑፍ የሚያነብልኝ ስልኬ ላይ ያለው ስክሪን ሪደር ነው። እስከ መሃሉ ድረስ ደስ እያለኝ ነበር የሰማሁት። ከዚያ ስለ ዲጂታል አገልግሎት የምትናገር አንዲት ዓረፍተ ነገር መጣች። «ዓይነ ስውራንም አገልግሎቱን በቤተሰብ እገዛ ይጠቀማሉ» ትላለች። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ አስነበብኩት። ያው ናት።

ማን ነገራችሁ? ዘገባው ውስጥ የመንግሥት ኃላፊ ተናግሯል። የባንክ ባለሙያ ተናግሯል። አፕ የሚሠሩ ወጣቶችም ተናግረዋል። ዓይነ ስውር ግን አንድም የለበትም። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር አለ። አንድ ስልክ መደወል ምን ያህል ይከብድ ነበር?

እኔ ባለትዳርና የልጆች አባት ነኝ። የቤት ኪራይ የምከፍለው፣ የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ የምልከው እኔ ነኝ። እናንተ ግን እጄን ይዞ የሚመራኝ ቤተሰብ ሰጣችሁኝና ጉዳዩን ዘጋችሁት።

እገዛ የምትሉት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የምጠቀምበት ባንክ አለ፤ ስሙ ይቅር። አፑ ቀድሞ በደንብ ይሠራልኝ ነበር። ከዚያ አሻሻልነው አሉ። አሁን ስከፍተው ስልኬ «በተን፣ በተን፣ በተን» ብቻ ይለኛል። የቱ ገንዘብ መላኪያ፣ የቱ ቀሪ ሂሳብ ማያ እንደሆነ አይናገርም፤ ሠሪዎቹ ለቁልፎቹ ስም አልሰጧቸውማ። የሚስጥር ቁጥር መምቻው ደግሞ ይብሳል። ቁጥሮቹ በስዕል ስለገቡ ስክሪን ሪደሩ ጭራሽ አያገኛቸውም። በኮከብ መሰላሉ፣ ማለትም * እና # እየመቱ ያለ አፕ በሚጠቀሙበት መንገድ ልሞክር ስል፣ ዝርዝሩ ተነቦ ሳያልቅ ሰዓቱ ያልቅና ይዘጋል። ቅርንጫፍ ሄጄ አቤት አልኩ። «የሚያምኑትን ሰው ይዘው ይምጡ» ተባልኩ። የዚያን ቀን የማምነው ሰው አጠገቤ አልነበረም። የሚስጥር ቁጥሬን በር ላይ ለቆመው ጥበቃ በጆሮው ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፣ መታልኝ። ግን ደግነቱን የማውቅበት ምንም መንገድ አልነበረኝም።

ዘገባችሁ በትልቁ ያወደሰው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ባንኩም ሲያስፈርመኝ የሚስጥር ቁጥርህን ለሌላ ብትሰጥ ተጠያቂው አንተ ነህ ብሎኛል። እንግዲህ አዋጁ ጠብቅ ይላል፣ ውሉ ለማንም አትንገር ይላል፣ አፑ ካልተናገርክ አትከፍልም ይላል። ነገ ገንዘቤ ቢጠፋ የሚጠየቀው ማን ነው? ይህን ጥያቄ መጠየቅ የጋዜጠኛ ሥራ ነበር።

ሌላም አለ። ሕጎቹ ኢንተርኔት ላይ ስላሉ ማንም ዜጋ እቤቱ ቁጭ ብሎ ያነባቸዋል ብላችኋል። ሙያዬ ጥብቅና ነው፤ እንጀራዬ ሕግ ማንበብ ነው። ከኢንተርኔት የማወርዳቸው የነጋሪት ጋዜጣ እትሞች ብዙዎቹ ወረቀቱ ስካን ተደርጎ የተጫኑ ናቸው። ለእኔ ስልክ ፎቶ ናቸው፤ ከፍቼ ስጠብቅ ዝም ይላል። ፎቶውን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም ስሞክር ደግሞ፣ ጋዜጣው አማርኛና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ስለሚያትም፣ የአማርኛው መስመር ሳያልቅ እንግሊዝኛው እየገባበት ይነበብልኛል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዋጋ የሰጠ አዋጅ ነው። ይህንኑ አዋጅ ያነበብኩት ቢሮዬ ያለች ልጅ ከወረቀት ላይ እያነበበችልኝ ነው።

ይህ ልመና እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 9 ተደራሽነትን ሲያዝ ኢንተርኔትን በስም ጠርቶ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9(4) አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕጓ አካል ናቸው ይላል። ለሕንፃ አስበንበታል፤ በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች አዟል። አፈጻጸሙ የሚያሳዝን ነው፣ እሱ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል። ግን መወጣጫ የሌለው ሕንፃ ሲገነባ ሕግ ጠቅሶ መከራከር ይቻላል። ለአፕና ለድረ ገጽም እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መመሪያ ያስፈልገናል። የጊዜ ገደብ ያለው፣ ቅጣት ያለው፣ ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ የሚታይ። አፑ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊትም ዓይነ ስውራን ይሞክሩት። ወጪው ያስፈራል የሚል ካለ፣ ለአንድ ቁልፍ ስም መስጠት ለሠሪው የአንድ መስመር ጽሑፍ ሥራ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ቶክባክ የተባለው ስክሪን ሪደርም ነፃ ነው።

የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በሰኔ 2012 ሲጸድቅ ለአካታች ብልጽግና ተብሎ ነበር። እኛ አምነን ጠበቅን። ሕጎቹ ተራ በተራ ወጡ፤ የዲጂታል መታወቂያ፣ የዳታ ጥበቃ። አገልግሎቱም ከመስኮት ወደ ስልክ ዞረ። ድሮ መስኮት ላይ ሄጄ ራሴ የምጨርሰው ጉዳይ ነበረኝ። አሁን ለዚያው ጉዳይ ሰው ፍለጋ እዞራለሁ። እናንተ ደግሞ ይህን ተጠቃሚነት ብላችሁ ጻፋችሁት።

ዓረፍተ ነገሯን እንድታርሙ እጠይቃለሁ። እርማቱን ስታወጡ ግን ድረ ገጻችሁ ላይ በጽሑፍ አውጡት። በዘገባው ውስጥ ሕጎቹን የዘረዘራችሁበትን ሰንጠረዥ በፎቶ ስላስገባችሁት ልጄ ናት ያነበበችልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ዓይነ ስውር ጠበቃ፣ አዲስ አበባ