ባዶ የተተወ ሳጥን «ተመዝግቧል» ሲባል

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በደሴ በአንድ የምዝገባ ድረ ገጽ፣ ኢሜይል የሌላቸው ከደላንታ የመጡ እናት ሳጥኑን ባዶ ትተው ቅጹን ሲልኩ «ይህ ኢሜይል ቀደም ሲል ተመዝግቧል» ተባሉ። ከእሳቸው በፊት ሌላ ሰውም ባዶ ትቶት ነበር።

አሳሹ ያልተሞላን የጽሑፍ ሳጥን ርዝመቱ ዜሮ የሆነ ጽሑፍ አድርጎ ስለሚልከው፣ የጃቫው ፕሮግራም እንደደረሰው ካስቀመጠው የመረጃ ቋቱ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይቆጥረዋል፤ ፖስትግሬስ በተባለው የመረጃ ቋት ድግግሞሽ በተከለከለበት ዓምድ ላይ ሁለት ባዶ ጽሑፎች ይጋጫሉ፣ ሁለት «ነል» (ዋጋ እንደሌለ የሚያሳይ ምልክት) ግን በነባሪው ቅንብር አይጋጩም። ሌላው የመረጃ ቋት ኦራክል ባዶውን ጽሑፍ ራሱ ነል ስለሚያደርገው፣ በእሱ የለመደ ባለሙያ ችግሩን ላያየው ይችላል። ነልን ብቻ የሚከለክለው «ኖትነል» የተባለው የጃቫ ማረጋገጫም ባዶ ጽሑፍን ያሳልፋል፤ ግዴታ ለሆነ ጽሑፍ ባዶንም የሚከለክለው «ኖትብላንክ» ያስፈልጋል።

እርማቱ ከጥቂት መስመር አይበልጥም፣ የሚያስገርመኝም ይኸው ነው። ስፕሪንግ በተባለው የጃቫ ማዕቀፍ «ስትሪንግትሪመርኤዲተር» የተባለውን ጽሑፍ አስተካካይ ባዶውን ወደ ነል እንዲለውጥ አድርጎ የቅጽ መረጃ አቀባበልን በሚያዘጋጀው «ኢኒትባይንደር» ማስመዝገብ ይበቃል፤ ይህ ግን የሚሠራው በቅጽ ለሚመጣ መረጃ እንጂ ጄሰን በተባለው የመረጃ መለዋወጫ ቅርጽ ለሚላክ አይደለም። ጄኤስኤፍ በተባለው ሌላ የጃቫ ማዕቀፍ ከ2.0 እትም ጀምሮ ለዚሁ የተዘጋጀ ቅንብር «ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል» በተባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ ይበራል።

ቀድሞ የገቡት ባዶ ጽሑፎች ግን በራሳቸው ስለማይለወጡ፣ ባለሙያዎች ቋቱ ውስጥ ገብተው ወደ ነል እንዲቀይሯቸው እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከደሴ