ቆመሃል ወይስ ቆመሻል? በጽሑፍ የሚካሄዱ ጨዋታዎችና አዲስ ገቢዎቻቸው

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፤

በጋዜጣችሁ ስለ ኢንተርኔት ጨዋታ የሚወጡ አስተያየቶችን ሳነብ፣ ጸሐፊዎቹ «ጌም» ሲሉ ሁልጊዜ የሚታያቸው በሥዕልና በድምፅ የተሞላ፣ ውድ ስልክ የሚጠይቅና ልጅን ከደብተሩ የሚለይ ነገር መሆኑን አስተውያለሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ፣ ተጫዋቹ አንቀጽ እያነበበና ዓረፍተ ነገር እየጻፈ የሚያመሽበት ጨዋታ መኖሩን ያነሣ ግን አላጋጠመኝም። እኔ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከእንዲህ ያለው የእንግሊዝኛ ጨዋታ አልተለየሁም፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህም አዲስ ገቢዎችን ከሚቀበሉት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የሶፍትዌር ተማሪ የሆነው የእኅቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተመሳሳይ ጨዋታ በአማርኛ መሥራት መጀመሩ ነው። ለእሱ የነገርኩትን ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው ሌሎች ወጣቶችም ቢሰሙት ይጠቅማቸዋል ብዬ አስባለሁ፤ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ሥራውን ከጓዳው ሳይሆን ከበሩ ይጀምር።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። ተጫዋቹ የቆመበት ስፍራ ምን እንደሚመስል በአንድ አንቀጽ ይነገረዋል፤ ማድረግ የሚፈልገውን ጽፎ ይልካል፤ በዚያው ሰዓት በዚያው ስፍራ ያሉ ሌሎች ሰዎች የተናገሩትና ያደረጉትም በጽሑፍ ይደርሰዋል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ገጸ ባሕርይ፣ ነጋዴም ይሁን ወታደር ወይም መድኃኒት ቀማሚ፣ ፈጥሮ በእሱ አንደበት ይናገራል። «ማድ» የተባለው የመጀመሪያው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ በተማሪው በሮይ ትረብሾ ተጀምሮ በጓደኛው በሪቻርድ ባርትል የተሟላ ሲሆን፣ ዛሬ የዚህ ዝርያ ጨዋታዎች ሁሉ በጅምላ ማድ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጻፉት ዲኩማድ የተባለ ጨዋታ፣ ኮዱ ለሌሎች ስለተለቀቀ፣ ከእሱ የተወለዱ እጅግ ብዙ ጨዋታዎችን አፍርቷል። ለእኛ አገር የሚመች ጠባይም አላቸው፤ አንድ ሙሉ ማታ ተጫውቼ የምጨርሰው ዳታ አንድ አጭር ቪዲዮ ከሚበላው ያንሳል፤ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍም ፊደል ከሥዕል ይልቅ ይታገሣል።

ይሁን እንጂ የእነዚህ ጨዋታዎች ትልቁ ችግር የመጣ ሰው አለመቆየቱ ነው። የራሴን የመጀመሪያ ማታ ላውሳ፤ የጨዋታውን ስም ግን መጥቀስ አልፈልግም። በሩ ላይ ስም ስጠየቅ የገዛ ስሜን ጻፍኩ፤ «ለዚህ ዓለም የማይስማማ» ተብሎ ተመለሰብኝ። (አያቴ ያወጡልኝ ስም ለየትኛው ዓለም እንደሚስማማ እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።) ሌላ ስም ፈጥሬ ገባሁ። የአንድ ከተማ አደባባይ በዐሥራ አምስት መስመር ተተረከልኝ፤ በጨዋታው ውስጥ ያሉ ሰዎች ዝርዝር ሲመጣ ዐሥራ አራት ስም ቆጠርኩ። በእንግሊዝኛ «ሰላም» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሰዎቹ ሳይሆን ከማሽኑ «ምን?» የሚል መልስ መጣ። «እንዴት ነው መናገር የሚቻለው?» ብዬ ጻፍኩ፤ እንደገና «ምን?» አለኝ። ለመናገር መጀመሪያ «ሰይ» የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ የሚያውቀው ብቻ ነበር። ዐሥራ አራቱ ሰዎችም አብዛኞቹ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ወደ ሌላ ሥራ የሄዱ መሆናቸውን በኋላ ነው የተረዳሁት። በሩብ ሰዓት ውስጥ ወጣሁ፤ ለአራት ወርም አልተመለስኩም።

የተመለስኩት በእልህ ነው። በዚያ በሁለተኛው ማታ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሆኖ የሚጫወት አንድ ሰው አፌ ሲንቀሳቀስ ድምፄ አልሰማ እንዳለው ነገረኝና፣ ከገጸ ባሕርይው ሳይወጣ «እንግዳዬ፣ መንገዱ ጉሮሮህን አድርቆት ይሆናል፤ በእኛ አገር የሚናገር ሰው አስቀድሞ ሰይ ይላል» አለኝ። አንድ ብርጭቆ ነገር አቀረበልኝ፤ እንዴት እንደሚጠጣም በዚያው ጨዋነት አስረዳኝ። ይህ ሰው በሌላ አህጉር የሚኖር ጡረተኛ መሆኑን ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመት የቆየሁት በድራጎኖቹ ወይም በሰይፎቹ አይደለም፤ በዚያች ብርጭቆ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነባር ተጫዋቾች ይህን ስነግራቸው ብዙ ጊዜ የሚመልሱልኝ «መመሪያው ተጽፏል፤ ያላነበበ ሰው ለእኛ አይሆንም» የሚል ነው። ክርክሩ አያሳምነኝም። ጨዋታው ከባድ መሆኑ ጥፋት አይደለም፤ ብዙዎቻችን የምንወደውም ስለሚከብድ ነው። ነገር ግን ከባዱ ነገር ከበሩ ውስጥ እንጂ የበሩ መዝጊያ ላይ መሆን የለበትም። መመሪያ የሚባለውም ብዙውን ጊዜ ጨዋታውን ለሠሩት ሰዎች ማስታወሻ ሆኖ የተጻፈ ስለሆነ፣ ስለ ጦር መሣሪያ ክብደት ሦስት ገጽ ኖሮት «እንዴት እወጣለሁ?» ለሚል ሰው አንድ መስመር የለውም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከገጸ ባሕርይ ውጭ የሆነ ጥያቄ የጠየቀን ጀማሪ «ይህ መንገደኛ በምን ቋንቋ ነው የሚናገረው?» እያሉ መሳለቅ ነው። ጠያቂው የጨዋታውን ሥርዓት ላለማፍረስ እየፈራ ነው የጠየቀው፤ አንድ ጊዜ ከተሣቀበት ዳግመኛ አይጠይቅም። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የተለየ የጀማሪዎች መስመር ያላቸው ጨዋታዎች አሉ፤ ነገር ግን መስመሩ ላይ ተረኛ ከሌለ መኖሩ ብቻውን ዋጋ የለውም። እኛ በጎ ፈቃደኞቹ ተራ የምንገባው ለዚህ ነው፤ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኒውዮርክ የምሳ ሰዓት ስለሆነ፣ አሜሪካኖቹ ሥራ ላይ ሲሆኑ በሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ።

ባርትል እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ የማድ ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸዋል፤ ማዕረግና ሀብት ለማከማቸት የሚጫወቱ፣ ዓለሙን ለማሰስ የሚጫወቱ፣ ከሰው ጋር ለመጫወት የሚመጡና ሌላውን በመጉዳት የሚደሰቱ። አከፋፈሉ ቢተችም ለተቀባይ ሰው ይጠቅማል፤ ወግ ፈልጎ የመጣን ሰው ወደ ጦር ሜዳ መውሰድ፣ አሳሹንም ሻይ ቤት አስቀምጦ ማውራት እንግዳን አለማወቅ ነው። አራተኛው ዓይነት ሲበዛ ደግሞ ሦስተኛው ጥሎ እንደሚሄድ ባርትል ራሱ አስረድቷል፤ እኔም በዓይኔ ያየሁት ነው። ስለዚህ ጀማሪ እስኪጠና ድረስ የማይገደልበትና የማይዘረፍበት ጊዜ መወሰን ሥራው ሲታቀድ የሚታሰብ ጉዳይ ነው። በእኛ ሁኔታ በዚህ ላይ የመብራት መጥፋት ይጨመራል። በብዙ ጨዋታዎች መስመሩ የተቋረጠበት ሰው ገጸ ባሕርይው ባለበት ደንዝዞ ይቆማል፤ መብራት ሲመጣ ጀማሪው ተመልሶ የሚያገኘው ሬሳውን ነው። ይህ አንዴ የደረሰበት ሰው ሁለተኛ ባይመለስ አልፈርድበትም።

እስካሁን ያነሣሁት ለየትኛውም ቋንቋ የሚሠራ ነው። በአማርኛ የሚሠራ ሰው ግን ኮፐንሃገኖቹ ጨርሶ ያላጋጠማቸው ነገር ይጠብቀዋል። የእኅቴ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ስፍራዎች ጽፎ ሲጨርስ አንዲት የክፍል ጓደኛውን ጋብዞ እኔም ባለሁበት ላፕቶፑን ሰጣት። መግቢያው «በአንድ ጠባብ የድንጋይ መንገድ ላይ ቆመሃል» ይል ነበር። አነበበችና ቀና ብላ «እኔን ነው ቆመሃል የሚለው?» አለችው። እንግሊዝኛው አንድ ተውላጠ ስም ብቻ ስለሚጠቀም ይህ ጥያቄ አይነሣበትም፤ አማርኛ ግን ያለ አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ እንግዳውን ማናገር አይችልም፤ የተሳሳተ ግሥ ደግሞ ገና በመጀመሪያው መስመር «አንቺን አላሰብንሽም ነበር» ይላል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ገና በሩ ላይ «እንዴት ልጥራዎት?» ብሎ መጠየቅና ግሦቹን ሁሉ በዚያው መሠረት ማርባት ነው፤ ሥራው አድካሚ ነው። ሁለተኛው የስፍራ መግለጫዎችን ያለ ሁለተኛ መደብ መጻፍ ነው፤ «መንገዱ ጠባብ ነው፤ ድንጋዩ በዝናብ ረጥቧል» ማለት ማንንም አያገልልም፣ እንደ አማርኛም የተሻለ ይነበባል። ተጫዋቹ ለሚሰጠው ትእዛዝም «ሂድ» ብቻ ሳይሆን «ሂጂ»ን፣ «ልሂድ»ንና «እሄዳለሁ»ን መቀበል ያስፈልጋል፤ ልጅቷ ያለ ማንም ምክር መጀመሪያ የጻፈችው «ልግባ» የሚል ነበር።

ትእዛዝ ማሳጠርም እንደ እንግሊዝኛው አይሄድም። እዚያ አራቱ አቅጣጫዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ በእኛ ግን ምሥራቅና ምዕራብ ሁለቱም በ«ም» ስለሚጀምሩ፣ ወደ ምሥራቅ እሄዳለሁ ብሎ ወደ ምዕራብ የሄደ መንገደኛ በሙከራው ዕለት አይተናል። እንዲያውም በኮምፓስ መንገድ የሚያመለክት አዲስ አበቤ እኔ አላውቅም። መንገድ ስንጠየቅ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ማዶ» ነው የምንለው፤ ጨዋታውም «ወደ ዳቦ ቤቱ» ቢባል ሊገባው ይገባል። የእኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «በሩን ክፈት» የሚለውን «ክፈት በር» እንዲሆን ማስገደድ ተጫዋቹን ሕፃን ያስመስለዋል። ሞክሼ ፊደላትም አሉ፤ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በየሰዉ እጅ በስንት መልክ ተጽፎ እንደምናየው የጋዜጣው አራሚዎች ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ማሽኑ ሀ፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ ቆጥሮ ካላነበበ በቀር ጀማሪው በአማርኛ ፈተና የወደቀ ይመስለዋል።

አንድ የቴክኒክ ነገር ደግሞ ሳላነሣ አላልፍም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በመሆኑ ከዚያ በፊት የተጻፉት አሮጌ ኮዶች አንዱን ፊደል እንደ አንድ ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ነው የሚቆጥሩት፤ ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ ስምንት በተባለው የፊደል አጻጻፍ ስልት ግን የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ልጆቹ ከኢንተርኔት ያወረዱት ኮድ ለስም ዐሥራ ሁለት ባይት ብቻ ይፈቅድ ስለነበር ወልደሚካኤል ብሎ የገባው ተጫዋች «ወልደሚ» ሆኖ ወጣ። ሣቅን፤ እሱ ግን እንግዳ ቢሆን ኖሮ የሚስቅ አይመስለኝም።

ስለ ዓይነ ስውራንም አንድ ቃል ልጨምር። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይሩ እንደ ኤንቪዲኤ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች ስላሉ ማድ ከብዙዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ይልቅ ለእነሱ ክፍት ነው፤ በእንግሊዝኛው ዓለም ብዙ ማየት የተሳናቸው ተጫዋቾች አሉ፣ እኔም ካወቅኳቸው ብልህ መሪዎች አንዱ ዓይነ ስውር ነው። ነገር ግን በሰረዝና በነጥብ የተሣለ ካርታ ለሚያይ ሰው ጌጥ ሲሆን ለሚያዳምጥ ሰው «ሰረዝ ሰረዝ ሰረዝ ነጥብ» የሚል ጩኸት ነው። ካርታው የሚጠፋበት ቁልፍ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ይኑር።

ለእኅቴ ልጅ የሰጠሁት ምክር አዲስ ስፍራ ከመጨመሩ በፊት ተጫውቶ የማያውቅ ሰው አስቀምጦ፣ እጁን ሰብስቦ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሰውየው የሚጽፈውን እንዲመዘግብ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ያስቀመጠው እናቴን፣ ማለትም አያቱን ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ ለእሳቸውም «እርስዎ» የሚለው ተመርጦላቸዋል። መነጽራቸውን አስተካክለው መግለጫውን ከፍ ባለ ድምፅ አነበቡት፤ አንድ ግቢ፣ ገርበብ ያለ የቆርቆሮ በር፣ ከውስጥ የሚወጣ የቡና ሽታ ነበረበት። ልጁ ትእዛዞቹን ሁሉ በወረቀት ዘርዝሮ ይጠባበቃል። እሳቸው በአንድ ጣታቸው ቀስ ብለው «ቤቶች» ብለው ጻፉ። ጨዋታው «አልገባኝም» አላቸው። «እንግዲህ ሰው የለም ማለት ነው» ብለው ላፕቶፑን መለሱለት። ልጁ እሑድን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ አሁን በዚያ በር ላይ «ቤቶች» ብሎ የሚጽፍ ሰው «ማነው? ይግቡ፣ ይግቡ፤ ቡናው ገና አቦል ነው» የሚል መልስ ያገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ