ይህችን ፎቶ ልቁረጣት ወይስ ልተዋት?

ውድ እህቴ ሰላማዊት፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእማማ አሰለፈች ጉልበት ተሻላቸው? ይህን ያህል ዘመን ድምፄን ማጥፋቴ ከልብ ያሳፍረኛል፤ ምክንያት ከምደረድርልሽ ይቅርታሽን ብለምን ይሻላል። የእኛን ቤት ወሬ ለሌላ ጊዜ ላቆየውና ሁላችንም ደህና መሆናችንን ብቻ ልንገርሽ። ዛሬ እንድጽፍልሽ ያስገደደኝ ከአንቺ በቀር ማንንም የማላማክርበት ጉዳይ ነው። መዝገብ ቤት ስትሠሪ «ፎቶውን በጠርዙ ያዢው!» እያልሽ ሁላችንንም ትቆጪን አልነበር? አሁን ያ ቁጣሽ ያስፈልገኛል።

የምሠራው በአሜሪካ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ደቡብ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከምንከባከባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ልጆችና ሚስቶች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ዕድሜያቸው ከሰማንያ አምስት ያለፈ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሉ፤ ስማቸውን ለማንም እንዳልናገር ስላሳሰቡኝ «እሜቴ» እያልኩ ልቀጥል። አባታቸው ሥራ ፍለጋ ከአላባማ እዚሁ ወዳለው ማክዶዌል ካውንቲ (ወረዳ እንደማለት ነው) ከመጡት ብዙ ጥቁር ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። እሜቴ ከማንም ጋር ብዙ አያወሩም፤ እንደው ጨዋታ ቢከፍትልን ብዬ ነው ራስል ሊ የተባለ ፎቶ አንሺ ያነሳቸውን ፎቶግራፎች አትሜ የወሰድኩላቸው።

ስለነዚህ ፎቶዎች ጥቂት ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1946 የጸደይ ወራት የከሰል ቆፋሪዎች ሥራ ሲያቆሙ ፕሬዚዳንት ትሩማን ማዕድን ማውጫዎቹን በመንግሥት እጅ አደረጓቸው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ክሩግ ከቆፋሪዎቹ ማኅበር መሪ ከጆን ሉዊስ ጋር በግንቦት ወር የተፈራረሙት ስምምነት የሠራተኛው ጤና፣ ቤትና ንጽሕና እንዲጠና ያዝዝ ነበር። ጥናቱን የባሕር ኃይል አድሚራል የነበሩት ጆኤል ቡን ሲመሩ፣ ራስል ሊ ደግሞ ካሜራውን ይዞ በኬንታኪ፣ በዌስት ቨርጂኒያና በሌሎችም ግዛቶች በየመንደሩ ዞረ። በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ውስጥ የተቀመጡት ምስሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ጥናቱ የጤና ስለነበር ውኃ የሚቀዳበትን፣ ቆሻሻ የሚጣልበትን፣ የእንጨት ሽንት ቤቱን ሳይቀር አነሳ፤ ነገር ግን በዚያ አልተወሰነም፤ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የኳስ ጨዋታውን፣ ሙሉ ልብሷን ለብሳ የወጣችውን ከተማም አነሳ። በብዙዎቹ ሥር የተጻፈው መግለጫ ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለውና ኪራዩ በወር ስንት እንደሆነ ይናገራል።

መጀመሪያ ያሳየኋቸው በማክዶዌል ያለችውን የዌልች ከተማን የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚያሳየውን ነው። መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፤ ጥቁሩም ነጩም ለገበያ ወጥቷል። ያን ጊዜ ካውንቲው ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበረው፤ ዛሬ 20 ሺህ አይሞላም፤ በዚያው መንገድ ስሄድ ባዶ መስኮቶችን ስለለመድኩ ፎቶው ለእኔ የሌላ አገር መስሎ ነበር የታየኝ። እሜቴ ግን ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ማውራት ጀመሩ፤ እኔም ሥራዬን ትቼ አደመጥኳቸው። እናታቸው ልብስ ከማስጣታቸው በፊት ባቡሩ ማለፍ አለማለፉን ያረጋግጡ እንደነበር፣ አለበለዚያ ነጩ አንሶላ በጥላሸት ጠቁሮ እንደገና ይታጠብ እንደነበር፤ ኩባንያው የራሱን የብረት ገንዘብ አትሞ ከደመወዝ በፊት ለሚቸገር ሰው ይሰጥ እንደነበርና በኩባንያው ሱቅ ካልሆነ በቀር እንደልብ እንደማይመነዘር፤ አባታቸው ከፈረቃ ሲመለሱ ወጥ ቤት ውስጥ በተቀመጠ ገንዳ ይታጠቡ እንደነበርና ጀርባቸውን ማሸት የትልቋ ልጅ ሥራ መሆኑን ነገሩኝ። ሰላሜ፣ ይህ ሁሉ በፎቶው ውስጥ የለም፤ ያለ እርሳቸውም ሊኖር አይችልም።

ጭንቀቴ የመጣው በሌላኛዋ ፎቶ ነው። አንድ የኩባንያ ቤት ጓሮ ነው፤ ሁለት ልጆች በባዶ እግራቸው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሳንቃው የተላቀቀ የእንጨት ሽንት ቤት ይታያል። መግለጫው የማዕድን ሠራተኛ ልጆች መሆናቸውን እንጂ ስማቸውን አይናገርም። እሜቴ ፎቶውን አይተው ዝም አሉ፤ ቆይተው ከልጆቹ ታናሽዋን በጣታቸው ነክተው «ይህች እኮ እህቴ ናት» አሉኝ። ፎቶው በተነሳ በዓመቱ ሕፃኗ በትኩሳት ሞታለች፤ ቤተሰቡ የእርሷ ሌላ ምስል የለውም። እንባቸውን ጠርገው ሲጨርሱ የመጀመሪያ ቃላቸው «ለማንም እንዳትናገሪ» የሚል ሆነ። በሳምንቱ ደግሞ ጠርተውኝ፣ ሽንት ቤቱን ቆርጬ አውጥቼ እህታቸውን ብቻ አሳትሜ በፍሬም እንዳመጣላቸው ለመኑኝ።

ማተሙ ቀላል ነው፤ የመንግሥት ሥራ ስለሆነ የሚከለክለኝ የለም። እጄን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ሽንት ቤት የእርሳቸው ነውር አይደለም፤ ቤቱን የሠራውም፣ የሚያከራየውም፣ የውኃ ቧንቧ ያላስገባለትም ኩባንያው ነው። ራስል ሊ ያነሳውም ይህንኑ መንግሥት እንዲያይለት ነው። ቆርጬ ብጥለው ሕፃኗን ምናልባት የገደላትን ነገር ከአጠገቧ የሰወርኩ ይመስለኛል። ደግሞ መልሼ ሳስበው፣ እህቱን ለማየት በፈለገ ቁጥር ያንን እያየ እንዲኖር ማንን ማስገደድ እችላለሁ? በእኛ አገር ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ሰው አምሮበት የሚታይበት መሆኑን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ።

መቁረጥን እንደ ኃጢአት ማየቴ ትክክል መሆኑን እንኳ እጠራጠር ጀምሬያለሁ። ሊ ቀደም ሲል በ1930ዎቹ የሠራላቸው የመንግሥት ፎቶ ሥራ አለቃ ሮይ ስትራይከር ያልመረጡትን ኔጌቲቭ (ፎቶው የሚታተምበትን ፊልም) በብረት ይበሱት ነበር፤ በቤተ መዛግብት ውስጥ ዛሬም በሰው ፊት መካከል ጥቁር ክብ ያለባቸው ምስሎች አሉ። ዊንስተን ሊንክ የተባለ ሌላ ፎቶ አንሺም በ1956 እዚሁ ማክዶዌል ውስጥ፣ ዬገር በምትባል ከተማ፣ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ሆነው ፊልም የሚያዩበትን ሜዳና ከጎኑ የሚያልፈውን የእንፋሎት ባቡር በሌሊት አነሳ፤ የብልጭታ መብራቶቹ የፊልሙን ሸራ ስላጠፉበት በሸራው ላይ የሚታየውን አውሮፕላን በኋላ ከሌላ ኔጌቲቭ አምጥቶ ነው ያስገባው። ሰው ሁሉ ግን ይወደዋል፤ እኔም እወደዋለሁ። ባለሙያው ከፎቶው መቀነስና መጨመር ከተፈቀደለት፣ በፎቶው ውስጥ ላለችው ሕፃን እህት ለሆኑት ለእሜቴ የማይፈቀድላቸው ለምንድን ነው?

ሆኖም ከዚህ ሐሳብ የሚመልሰኝ አንድ ሌላ ፎቶ አለ። ፎቶ አንሺው ሉዊስ ሃይን በ1908 እዚሁ ዌስት ቨርጂኒያ፣ በማዕድን ማውጫ ጨለማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በር ሲከፍትና ሲዘጋ የሚውል የ15 ዓመት ልጅ አነሳ፤ ልጁ ለ10 ሰዓት ሥራ 75 ሳንቲም ነበር የሚከፈለው። በሩ ላይ በጠመኔ ወፎች ተሥለዋል። ሃይን ጨለማው እጅግ ከባድ ስለነበር ሥዕሉን ያየው ፎቶው ታጥቦ ከወጣ በኋላ መሆኑን በመግለጫው ጽፏል። እኔ ልቆርጠው ባሰብኩት ጥግ ውስጥስ ገና ያላየሁት፣ ለእሜቴ የልጅ ልጆች የሚበጅ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ? ገመዱ ላይ የተሰጣው ቀሚስ የማን እንደሆነ እንኳ ገና አልጠየቅኋቸውም።

እስካሁን የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው፤ የተቆረጠውን በፍሬም አድርጌ ለእርሳቸው ልስጥ፣ ሙሉውንም በፖስታ አሽጌ «ሲፈልጉ ይክፈቱት» ብዬ ከሥሩ ላኑርላቸው። ግን ይህ ራሱ ፈቃዳቸውን መጣስ ይሆንብኛል ብዬ እፈራለሁ፤ እርሳቸው የጠየቁኝ አንድ ፎቶ ነውና። ስሟን ለቤተ መዛግብቱ ስለማሳወቅማ ጨርሶ አላነሳሁባቸውም፤ «ለማንም እንዳትናገሪ» ያሉኝ ሽንት ቤቱን አፍረው ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ሐዘናቸውን የራሳቸው አድርገው ሊያኖሩት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ እንዴት ብዬ እንደምጠይቃቸው አላውቅበትም። አንቺ የሞቱ ሰዎችን ፎቶ ይዘው ከሚመጡ ቤተሰቦች ጋር ስንት ዘመን ስትነጋገሪ ኖረሻል፤ መጀመሪያ ምን ትጠይቂያቸው ነበር? «አይጻፍ» ያለሽንስ ሰው ምን ትይው ነበር?

ወሩ ሲያልቅ ልጃቸው ወደ ዲትሮይት ሊወስዷቸው ነው፤ ስለዚህ መልስሽ እንዳይዘገይብኝ አደራ። ከቻልሽ ቅዳሜ ደውዪልኝ፤ ቁጥሬ ያው የቀድሞው ነው። በፎቶው ጀርባ ላይ በእርሳስ ይጻፍ ትይ የነበረው የትኛው ዓይነት እርሳስ እንደሆነም ንገሪኝ። እማማን በእኔ ስም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

እህትሽ
ትዕግሥት