«የምጠይቀው ሰው የለኝም» ላልሽኝ ልጄ

እናትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ በርበሬ እያስፈጨች ነው፤ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ሲገኝ ትልክልሻለች።

እሁድ ስትደውይ «የኤሌክትሪክ ሰርኪት ኮርሱ አልገባኝም፣ የምጠይቀው ሰው የለኝም፣ ክፍል ውስጥ ብጠይቅ ደግሞ ይስቁብኛል» ያልሽው ነገር ሦስት ቀን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባዬ፣ እሺ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ጋራዡ በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ በግራሶ እጄ፣ በቴሌግራም እየጻፍኩልሽ ነው። ረዘም ይላል፣ ቻይው። ፊደል ከሳትኩ ደግሞ ጣቴ ወፍሮ ነው።

አባትሽ ከ10ኛ ክፍል እንዳቋረጠ ታውቂያለሽ። ሙያውን የተማርኩት ከአለቃዬ ነው። ጋሼ ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ያስደግፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጡ ነበር። ከዚያ «ሦስተኛው ሲሊንደር ነው» ይላሉ። ይፈታል፤ እውነትም ሦስተኛው ነው። ያኔ ዩቲዩቡ እሳቸው ነበሩ። ደግመሽ ከጠየቅሽ ግን በካቻቢቴው እጀታ አናትሽን ይሉሻል። ለዚህ ይሆናል እኔም እንዳንቺ መጠየቅ እየፈራሁ ያረጀሁት።

ከዚያ ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። የኤሌክትሪኮቹ ቀድመውም መግባት ጀምረው ነበር፤ እኔ ግን «ገና ነው» እያልኩ ራሴን ሳታልል ቆይቼ አንድ ደንበኛዬ ቮልስዋገን አይዲ ፎር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መኪና አስጎትቶ መጣ። ሞቷል። በሩ እንኳን አይከፈትም። እኔ የማውቀው ነገር ቢኖር ብርቱካናማ ገመድ፣ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበትን፣ ካየህ እጅህን ሰብስብ የሚለውን ብቻ ነው። እሱንም የሰማሁት ሶማሌ ተራ ዕቃ ልገዛ ሄጄ ከአንድ ሻጭ ነው።

ስንት ዓመት የሠራ መካኒክ የመኪና በር መክፈት አቃተው ሊባል ነው። ያን ቀን ማታ እራት አልበላሁም። በመጨረሻ ሻርጃ ላለው ለአክስትሽ ልጅ ቮይስ ላክሁለት። እሱ የሚሠራው የመኪና ዕቃ ሱቅ ውስጥ እንጂ መካኒክ አይደለም። ግን የሐበሻ መካኒኮች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከዱባይ፣ ከአሜሪካም አሉበት። ገባሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሰላም፣ አይዲ ፎር አልነሳ አለኝ፣ ምን ላድርግ?»

ማንም አልመለሰልኝም። አንዱ ብቻ «ጸልይ» አለኝ።

ተናድጄ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት፣ እናትሽ ትመስክር። ጠዋት የአክስትሽ ልጅ ደወለና «እንዲህ አይጠየቅም እኮ፤ ያየኸውንና የሞከርከውን ካልጻፍክ ሰው በምን ይገባዋል?» አለኝ። ልጅ መከረኝ እንግዲህ። እንደገና ጻፍኩ፦ «የ2022 አይዲ ፎር፣ ቻይና የተሠራ። ሦስት ሳምንት ቆሞ ነበር። ቁልፉ በሩን አይከፍትም፣ የቁልፉን ባትሪ ቀየርኩ፣ አሁንም ያው። ውስጥ አንድም መብራት አይበራም። ብርቱካናማውን ገመድ አልነካሁም።» ፎቶም ጨመርኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ መለሰ። «ትልቁ ባትሪ ምንም አልሆነም። የሞተችው ትንሿ፣ 12 ቮልቷ ናት። ቁልፉ ውስጥ የብረት ቁልፍ አለልህ፣ በሹፌሩ በር ክፈትና ኮፈኑን አንሳ።» ቴስተሬን ሰካሁ፤ ስድስት ቮልት ምናምን። ቻርጅ አደረግናት፣ መኪናው ቦግ አለ።

400 ቮልት ገደማ የተሸከመ መኪና በአንዲት ተራ ባትሪ ነው ለካ የሚነሳው! ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው፣ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው የሚያገናኘውን ሪሌ፣ ያን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የምታሠራው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ትልቁ ኃይል እዚያው ተቆልፎ ይቀመጣል። ይሄ ያንቺ ትምህርት አይደለም እንዴ? ሪሌ ተምራችኋል?

ስክሪኑ ደግሞ ሁሉ ነገሩ በቻይንኛ ነው። በጎግል ትራንስሌት ካሜራ ወደ እንግሊዝኛ አዞረዋለሁ፤ እንግሊዝኛው ሲጠናብኝ የጎረቤታችን ልጅ፣ ያቺ 9ኛ ክፍል ያለችው፣ ታነብልኛለች። «ቻርጅ ሊሚት 80 ይላል ጋሼ፣ ምን ማለት ነው?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ መሙላቱን ያቆማል ማለት ነው» ብዬ አስረዳታለሁ። ማን ማንን እያስተማረ እንደሆነ እንጃ።

ሁሉ ነገር ከስልክ ይገኛል እያልኩሽ ግን አይደለም። አምና አንድ ሃይብሪድ፣ በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ መኪና፣ ኤሲው አልቀዘቅዝ ብሎ መጣ። አንድ ቪዲዮ አየሁ፣ ሰውዬው ረጋ ብሎ ነው የሚያስረዳው፣ እሱ እንዳደረገው አደረግኩ። የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ላይ የጨመርኩት ዘይት በነዳጅ መኪና የምንጠቀምበትን ፒኤጂ የሚባለውን ነው። በሳምንቱ መኪናው ማስጠንቀቂያ አብርቶ ተመለሰ። ለካ የሃይብሪዱ ኮምፕረሰር በኤሌክትሪክ የሚዞር ነው፤ ሞተሩ ዘይቱ መሃል ነው የተቀመጠው፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ የማያሾልክ፣ ፒኦኢ የሚባል ዘይት ይፈልጋል። ኮምፕረሰሩን ከኪሴ ገዝቼ ተካሁ። ስንት እንደወጣብኝ ለእናትሽ አልነገርኳትም፣ አንቺም እንዳትነግሪያት። ግሩፑ ላይ ሳወራው አንድ የአዳማ ሰው «ከመሙላትህ በፊት ማንን ጠየቅክ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ቪዲዮው እኮ «ያንተ መኪና የትኛው ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም።

አንቺ የምትጠቀሚውን ቻትጂፒቲም ሞክሬዋለሁ። የማያውቀውንም እንደሚያውቀው አድርጎ ይናገራል፣ እንደ አንዳንድ ዘመዶቻችን። ለመነሻ ግን አይጠላም። እኔ እሱ ያለኝን ግሩፑ ላይ እለጥፍና «ይሄ እውነት ነው?» እላለሁ። መልስ በቮይስ ሲመጣልኝ ደግሞ ዋናዋን ነገር በሁለት መስመር ጽፌ ሴቭድ ሜሴጅ ላይ አስቀምጣለሁ፣ የመኪናውን ስም ከላይ አድርጌ። ቮይስ በኋላ ፈልገሽ አታገኚውም። ጽሑፍ ከሆነ «ኮምፕረሰር» ብለሽ ስትፈልጊ ይመጣል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ሰው የለኝም አልሽ። ዶርም ውስጥ ካንቺ አንድ ዓመት የምትቀድም ልጅ አለች አላልሽኝም? ያን ኮርስ አልፋዋለች፣ ያውም በቅርቡ፣ የት ላይ እንደሚያስቸግር ገና አልረሳችም። ሌላ ደግሞ፣ ግቢው በር ላይ ስልክ የሚጠግነው ልጅ፣ ስክሪንሽን የቀየረልሽ። ዲግሪ የለውም ብለሽ እንዳታልፊው። ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቦርድ ላይ ቴስተር ይዞ ቮልት የት ደርሶ የት እንደጠፋ ሲከታተል ነው የሚውለው። ቅዳሜ ቡና ገዝተሽለት አንድ ሰዓት አጠገቡ ቁጭ በይ። አንቺ ቀመሩን ንገሪው፣ እሱ ያሳይሽ። ክፍልሽ ውስጥ የሚስቁትን ተያቸው፣ ግማሾቹ እነሱም አልገባቸውም፤ እኔን በግሩፑ ላይ «ጸልይ» ያለኝ ሰውዬ በወሩ ስለዚያችው ባትሪ በውስጥ መስመር ጠይቆኛል። ነገርኩት፣ መጸለዩንም እንዳይተው ጨመርኩለት።

ለማንኛውም ያልገባሽን ጥያቄ ዛሬ ማታ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። እኔ አልፈታልሽም፤ ግሩፑ ውስጥ ግን ቴክኒክና ሙያ ያስተምር የነበረ ሰው አለ፣ እሱን እጠይቅልሻለሁ። የሞከርሽበትን ወረቀትም አብረሽ አንሺው፣ ሰርዘሽ የተውሽውን ሳይቀር፤ ሰውዬው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።

መኪና መጣ፣ ልነሳ። በርበሬው ሳይደርስ አይቀርም ማክሰኞ።

አባትሽ